ኤዲተሬ የቢሮውን ፕሮክሲ አልረሳ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥኳቸውን ደብዳቤዎች የላኩት ሰዎች አይተዋወቁም፤ የሚጠቀሙበትም ኤዲተር፣ ማለትም ጽሑፍና ኮድ የሚጽፉበት ፕሮግራም፣ የተለያየ ነው። ሥራቸውን ያስተጓጎለው ግን አንድ ነገር ነው፤ ኤዲተሩ ለሚያስነሳቸው ፕሮግራሞች የማይፈለግ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራም ሲነሳ የሚቀበለው ስምና ዋጋ) አብሮ ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በሰፊው መልሻለሁ። መሠረቱ የተጣለው እዚያ ስለሆነ ሌሎቹ ጠያቂዎችም ከራሳቸው መልስ በፊት እሱን ቢያነቡት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በግቢው ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔት ለመውጣት ፕሮክሲ (አማካይ ሰርቨር) ግዴታ ስለሆነ አድራሻውን በሼል፣ ማለትም በተርሚናሉ ትእዛዝ ተቀባይ፣ መነሻ ፋይሌ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው በኢማክስ ነው። ላፕቶፔን አላጠፋም፤ ክዳኑን ዘግቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ማታ በቤቴ ኢንተርኔት ላይ ሆኜ ከኢማክስ ውስጥ ጊትን (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ሳዘው የፕሮክሲው አድራሻ ሊገኝ አልቻለም የሚል ስሕተት ይመጣል። ተርሚናል ከፍቼ ቫሪያብሉን በአንሴት ትእዛዝ ሳጠፋው እዚያው ተርሚናል ላይ ጊት ይሠራል። ኢማክስ ግን ወይ ፍንክች። ዘግቼ ልክፈተው ብል የዘረጋሁት ሥራ ሁሉ ይበተናል። ምን ላድርግ?
ግራ የተጋባሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ተርሚናሉ ላይ ያጠፉት የተርሚናሉን ቅጂ ብቻ ነው። የኢማክስ ቅጂ ጠዋት ከቢሮ ይዞት እንደተነሳ አሁንም አለ። ብዙ ሰው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ቦታ የተቀመጠ፣ ሁሉም ፕሮግራም እየመጣ የሚያነበው የጋራ መዝገብ ይመስለዋል። እንደዚህ ያለ የጋራ መዝገብ የለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ዝርዝር አለው፤ ሌላ ፕሮግራም ሲያስነሳም የዝርዝሩን ቅጂ ይሰጠዋል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ከቤል ላብስ ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ ያለ ነው፤ ሊኑክስም ማክም ዛሬ የሚሠሩት በዚያው ሥርዓት ነው። ነገሩ እናት ለመንገደኛ ልጇ እንደምትቋጥረው ስንቅ ነው፤ ልጁ ከወጣ በኋላ ጓዳ ውስጥ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም እሱ ዘንድ አይደርስም፤ ልጁ ከስንቁ ቢጥልም የእናቱ ጓዳ አይጎድልም።

ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለኢማክስ ነው። ለጊት ወላጁ ኢማክስ ነውና። ኢማክስን መዝጋትም አያስፈልግዎትም። ሜታ ኤክስ ተጭነው ሴትኤንቭ የሚለውን ትእዛዝ ይጥሩ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ኮንትሮል ዩ ይጫኑ። ያለ ኮንትሮል ዩ ከጠሩት አዲስ ዋጋ ይጠይቅዎታል፤ ከኮንትሮል ዩ ጋር ሲጠሩት ግን ስሙን ብቻ ጠይቆ ቫሪያብሉን ከነስሙ ያወጣዋል። ዋጋ ሲጠየቁ ዝም ብሎ ኢንተር መምታት ቫሪያብሉን ባዶ ያደርገዋል እንጂ አያወጣውም። ይህ ልዩነት ለፕሮክሲ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ጊት አውታረ መረቡን የሚደርስበት ከርል ባዶውን ፕሮክሲ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ለሌሎች ቫሪያብሎች ግን ሥራ ያበላሻል፤ የሚቀጥለው ጠያቂ የወደቀበት ጉድጓድ ይህ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ማውጣትን ይልመዱ።

ስሞቹን በጥንቃቄ ይቁጠሯቸው። ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ፣ ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲና ኦል ፕሮክሲ ሦስት የተለያዩ ቫሪያብሎች ናቸው። እያንዳንዱ ደግሞ በትልልቅና በትንንሽ የላቲን ፊደላት ሊጻፍ ይችላል፤ ለዩኒክስ ሁለቱ ሁለት ስሞች ናቸው። ፕሮግራሞቹም አንድ ዓይነት ስም አያነቡም። ከርል ኤችቲቲፒ ፕሮክሲን በትንንሽ ፊደል ካልሆነ አይቀበልም፤ የኤችቲቲፒኤሱን ግን በሁለቱም ይቀበላል። ይህ እንግዳ የሚመስል ምርጫ በቂ ምክንያት አለው። በድሮው ሲጂአይ አሠራር ዌብ ሰርቨር ከጎብኚው የመጣውን የጥያቄ ራስጌ ሁሉ በትልልቅ ፊደል፣ ኤችቲቲፒ የሚል ቃል ከፊቱ አድርጎ ወደ ቫሪያብል ይቀይራል። ማንም ጎብኚ «ፕሮክሲ» የሚል ራስጌ ልኮ የሰርቨሩን ፕሮግራሞች በራሱ መንገድ እንዲወጡ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤችቲቲፖክሲ በሚል ስም ይፋ የሆነው የደኅንነት ቀዳዳ ይኸው ነበር፤ ከርል ቀድሞ ተጠንቅቆ ስለነበር አላገኘውም። ስለዚህ አንዱን ስም አውጥተው «አልሠራም» ከማለትዎ በፊት በሁለቱም አጻጻፍ ያሉትን ሁሉ ያውጡ።

ካወጡ በኋላ ሁለት ነገሮች ሊያደናግሩዎት ይችላሉ። አንደኛው ቀደም ብለው የተነሱ ልጆች ናቸው። ጠዋት ኢማክስ ውስጥ የከፈቱት ሼል፣ ወይም ኮድ ስሕተት የሚጠቁምልዎ ላንጉጅ ሰርቨር፣ ጠዋት የተሰጠውን ቅጂ ይዞ ይቀጥላል። እነሱን ብቻ ዘግተው ያስነሷቸው። ሁለተኛው የኢማክስ የራሱ ትውስታ ነው። ኢማክስ የተጨማሪ ጥቅሎችን ዝርዝር ሲያወርድ ልጅ ፕሮግራም አያስነሳም፤ በራሱ ኮድ ነው የሚገናኘው። ያ ኮድ ደግሞ የፕሮክሲውን አድራሻ ከኢንቫይሮመንቱ አንድ ጊዜ አንብቦ ዩአርኤል ፕሮክሲ ሰርቪስስ በሚባል የራሱ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቫሪያብሉን ቢያወጡም ያ አይነካም። ጊት ሠርቶ የጥቅሎቹ ዝርዝር አልወርድ ካለ እሱን ወደ ኒል (ምንም የሌለበት ዋጋ) ይመልሱት።

እስካሁን የነገርኩዎ ለአንድ ምሽት ማስታገሻ ይሆናል። እኔ ግን ለዘለቄታው ሌላ መንገድ እመርጣለሁ፤ ይህን ርዕስ በየጊዜው የማነሳውም ስለዚሁ ነው። ቫሪያብል ሲወጣ ከጠቅላላው ኤዲተር ሳይሆን ከሚነሳው ፕሮግራም ፊት ብቻ መውጣት አለበት። ጠቅላላውን የነካ ሰው ነገ ቢሮ ሲገባ ሌላ ነገር ተበላሽቶ ያገኛል፤ ምን እንደነካም አያስታውስም።

ኢማክስ ለዚህ የሚሆን እጅግ ያማረ መሣሪያ አለው። ፕሮሰስ ኢንቫይሮመንት የሚባል ተለዋዋጭ ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው ለልጆቹ ሁሉ የሚታደለው። ኮንትሮል ኤች፣ ቀጥሎም ቪ ተጭነው ስሙን ቢያስገቡ ያዩታል፤ እያንዳንዱ መስመር ስም፣ የእኩል ምልክትና ዋጋ ነው። ኢማክስ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ቢገኝ የሚጸናው የላይኛው ነው። አንድ ስም ያለ እኩል ምልክት ብቻውን ቢቀመጥ ደግሞ «ይህን ቫሪያብል ለልጁ አትስጥ» ማለት ነው፤ ከታች ዋጋ ያለው ተመሳሳይ ስም ቢኖርም አይተላለፍም። ስለዚህ ከታች ያለውን ፈልጎ መሰረዝ አያስፈልግም። በሌት (የኢማክስ ተለዋዋጭን ለጊዜው ብቻ በሚቀይር ትእዛዝ) ውስጥ የዝርዝሩን አናት ያለ እኩል ምልክት በተጻፈ ስም ከፍተው፣ ጊትን እዚያው ውስጥ ቢጠሩ፣ ጊት ያለ ፕሮክሲ ይነሳል፤ ሌቱ ሲያበቃ ዝርዝሩ እንደነበረው ይመለሳል። ፕሮግራሙ ገና እየሠራ ቢሆንም ችግር የለም፤ ቅጂውን ሲነሳ ወስዷል። ኢማክስ 28 ወይም ከዚያ በላይ ካለዎት ዊዝ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ የተባለው ማክሮ ይህንኑ ያሳጥርልዎታል፤ ከስሙ ቀጥሎ ኒል ይጻፉ።

ኮምፓይል በሚለው ትእዛዝ ለሚያስነሱት ሥራ ደግሞ ኮምፒሌሽን ኢንቫይሮመንት የሚባል የተለየ ዝርዝር አለ። ሥራው ሲጀመር ከዋናው ዝርዝር በፊት ይለጠፋል፤ ስለዚህ ያለ እኩል ምልክት የተጻፈ ስም እዚያም ይሠራል።

አንድ ወጥመድ ልጠቁምዎ። አንዳንዶች ፕሮሰስ ኢንቫይሮመንትን ለአንድ ፋይል ገጽ ብቻ የተወሰነ ያደርጉታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ጥቅሎች ልጅ ፕሮግራም የሚያስነሱት በስተጀርባ ጊዜያዊ ገጽ ከፍተው ነው። ጊዜያዊው ገጽ ደግሞ የጠቅላላውን ዝርዝር እንጂ የእርስዎን አያይም። አንዱ ትእዛዝ ሠርቶ ሌላው ያለ ምክንያት እንቢ ካለዎት መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

በመጨረሻ ማረጋገጫው። ከኢማክስ ውስጥ ሜታና የቃለ አጋኖ ምልክት ተጭነው ፕሪንትኤንቭ ብለው የቫሪያብሉን ስም ያስከትሉ። ቫሪያብሉ ባዶ ሆኖ ካለ ባዶ መስመር ይታተማል፤ ጨርሶ ከወጣ ግን ምንም ሳይታተም ፕሮግራሙ በ1 የስሕተት ቁጥር ይመለሳል። በሊኑክስ ላይ በፕሮክ አቃፊ ውስጥ የኢማክስን የራሱን ኢንቫይሮን ፋይል ከፍተው ለማረጋገጥ አይሞክሩ። ያ ፋይል የሚያሳየው ፕሮግራሙ ሲነሳ የነበረውን ነው፤ የጠዋቱን ፕሮክሲ እዚያ ማየትዎ አይቀርም፤ «አልወጣም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። መታየት ያለበት የልጁ ነው።

ጥያቄ፦ የቤት አቃፊዬን ቅንብር ፋይሎች ሁሉ በአንድ ጊት ማከማቻ አኑሬያለሁ። ለዚያ እንዲመቸኝ ጊት ዲር እና ጊት ወርክ ትሪ የሚባሉትን፣ ማከማቻውና የሥራ ፋይሎቹ የት እንዳሉ ለጊት የሚነግሩትን ቫሪያብሎች አንድ ተርሚናል ላይ አዘጋጅቼ እሠራለሁ። አንድ ቀን ከዚያው ተርሚናል ላይ ቪም የተባለውን ኤዲተር ከፍቼ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ብሻገር፣ ከቪም ውስጥ የምጠራው ጊት ሁሉ የፕሮጀክቱን ትቶ የቤት አቃፊዬን ይነግረኝ ጀመር። ጊት ዲርን በቪም ውስጥ ባዶ አደረግሁት፤ አሁን ደግሞ «ይህ የጊት ማከማቻ አይደለም» ይለኛል። ማከማቻው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ!
ባለ ሁለት ማከማቻው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መጀመሪያ ደስ ይበልዎት፤ የከፋው አልደረሰብዎትም። የፕሮጀክቱን ፋይሎች ወደ ቤት ማከማቻዎ አስገብተው ኮሚት አድርገው ቢሆን ኖሮ ማጽዳቱ ረጅም ሥራ ነበር።

ጊት ዲር ካለ ጊት ማከማቻ ፍለጋ አይወጣም፤ የተነገረውን አምኖ ይሄዳል። ባዶ ሲያደርጉት «ማከማቻው ስም የሌለው ቦታ ነው» ብለውታል፤ የስሕተቱን መስመር ጫፍ ቢያዩት ሁለት የጥቅስ ምልክቶች በመካከላቸው ምንም ሳይኖር ተቀምጠዋል። ጊት ከአቃፊ ወደ አቃፊ ወደ ላይ እየወጣ ማከማቻውን ራሱ የሚፈልገው ቫሪያብሉ ጨርሶ ከሌለ ብቻ ነው።

በቪም ሌት ዋጋ ይሰጣል፤ የሚያወጣው አንሌት ነው። አንሌት ብለው የዶላር ምልክትና ስሙን ያስከትሉ። ለኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይህን የሚቀበለው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ቪም 8.1 ጀምሮ ስለሆነ፣ አሮጌ ሰርቨር ላይ ካሉ እምቢ ሊልዎት ይችላል። ኒዮቪም ላይ በሉዋ ለሚጽፉ ደግሞ ቪም ኤንቭ በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ስሙን ኒል ማድረግ ይበቃል። ጊት ወርክ ትሪንም አብረው ማውጣት አይርሱ፤ አንዱን ብቻ ማውጣት ከሁለቱም የባሰ ግራ የሚያጋባ ውጤት ይሰጣል።

ለአንድ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ቪምን መንካትም አያስፈልግም። ከጊት በፊት ኤንቭ፣ ሰረዝ፣ ትንሿ ዩ፣ ከዚያ የቫሪያብሉን ስም ይጻፉ። ኤንቭ ያን አንዱን ስም አስቀርቶ የቀረውን ኢንቫይሮመንት እንዳለ ለጊት ያስረክባል። እኔ በየትኛውም ኤዲተር ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው፤ በአንድ መስመር ጥፋተኛው ቫሪያብል መሆን አለመሆኑን ይነግረኛል።

ሌሎች የጊት ቫሪያብሎችም ይኑሩ አይኑሩ ካሳሰብዎ፣ ከአንድ ማከማቻ ጋር የተያያዙትን ስሞች ራሱ ጊት ይዘረዝርልዎታል፤ ሬቭ ፓርስ የሚለውን ትእዛዝ ሎካል ኤንቭ ቫርስ ከሚለው አማራጭ ጋር ይስጡት። ጊት ሁክ (በሥራው መሐል ራሱ የሚጠራው ስክሪፕት) ሲያስነሳ እነዚህን ቫሪያብሎች ስለሚያወርሰው፣ ከሁክ ውስጥ ወደ ሌላ ማከማቻ ለሚሻገር ስክሪፕት ዝርዝሩን ወስዶ በአንሴት ማጽዳት የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ክፍል አለን። ለእነሱ የቃል ካርዶች የሚያዘጋጅ አነስተኛ የባሽ ስክሪፕት አለኝ፤ ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ቃል 10 ፊደል ላይ ይቆርጠዋል። በኡቡንቱ ተርሚናል ሳስኬደው እንከን የለውም። በቪኤስ ኮድ ውስጥ ካለው ተርሚናል ሳስኬደው ግን «ሰላም» እና «ቡና» ደኅና ይወጣሉ፤ «ኢትዮጵያ» «ኢትዮ» ትሆንና ከኋላዋ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ምስል ይለጠፍባታል። ኮምፒውተሩ ያው፣ ስክሪፕቱ ያው። ፎንቱን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።
የቅዳሜዋ አስተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ፎንቱ ንጹሕ ነው፤ ወደነበረበት ይመልሱት። የላኩልኝ ሦስት ቃላት ጥፋተኛውን ያለ ብዙ ድካም ያሳያሉ።

የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገብተዋል። በዩቲኤፍ-8 ሲጻፉ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። «ቡና» 6 ባይት ነው። «ኢትዮጵያ» 5 ፊደል፣ 15 ባይት ነው። ስክሪፕትዎ 10 ፊደል ቁረጥ ሲባል 10 ባይት ቆርጧል፤ 9ኙ ባይት «ኢትዮ» ሆነ፣ የቀረው 1 ባይት የ«ጵ» ሲሦ ነው፤ ብቻውን ፊደል ስለማይሆን ተርሚናሉ በዚያ ጥቁር ምስል ተካው። ስለዚህ በቪኤስ ኮድ ተርሚናል ውስጥ ባሽ ፊደልንና ባይትን አንድ አድርጎ እየቆጠረ ነው። እንዲህ የሚያደርገው ሎኬሉ (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) «ሲ» የተባለው ሲሆን ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጠረጠረው ኤልሲ ኦል የሚባለው ቫሪያብል ነው።

በዚያው ተርሚናል ሎኬል የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን ይስጡ። የመጨረሻው መስመር ኤልሲ ኦል እኩል ሲ የሚል ከሆነ ተገኘ። ይህ ቫሪያብል ከላንግም፣ በኤልሲ ከሚጀምሩት ከሌሎቹ ሁሉም በላይ ነው፤ እሱ ካለ የሌሎቹ ቃል አይሰማም። ሰዎች የስሕተት መልእክት በእንግሊዝኛ እንዲመጣላቸው ወይም ድርደራ እንዲፈጥንላቸው ሲሉ ሲን በኤልሲ ኦል ያስገባሉ። ለላቲን ፊደል ጽሑፍ ጉዳቱ ስለማይታይ ምክሩ ከሰው ወደ ሰው ይዘዋወራል። በእኛ ጽሑፍ ላይ ግን በቀጥታ ያርፍበታል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ሁልጊዜ በግልጽ አለመታየቱ ነው። ቃላትዎን በሶርት ቢደረድሩ ሲ ሎኬል ውስጥም ቢሆን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው በትክክል ይሰለፋሉ። የዩቲኤፍ-8 ባይቶች ቅደም ተከተል የዩኒኮዱን ቁጥሮች ቅደም ተከተል ስለሚከተል፣ የዩኒኮዱ ደግሞ የፊደል ገበታችንን ስለሚከተል ነው። ሰው ድርድሩን አይቶ «አማርኛው ደኅና ነው» ይላል፤ ሲቆጥርና ሲቆርጥ ይወድቃል። «ሰላም»ን ያለ አዲስ መስመር ወደ ደብልዩሲ (ቆጣሪው ትእዛዝ) ልከው በሰረዝና በትንሿ ኤም ያስቆጥሩ፤ ጤናማው ተርሚናል 3፣ የታመመው 9 ይልዎታል። ከፎንት ሙከራ ሁሉ ይህ አንዱ ቁጥር ይበልጣል።

አሁን ወደ ማውጣቱ። በቪኤስ ኮድ ቅንብር ውስጥ ተርሚናል፣ ኢንተግሬትድ፣ ኤንቭ፣ ሊኑክስ የሚል በነጥብ የተያያዘ ስም ይፈልጉ። የእርስዎን የግል ቅንብርም፣ በፕሮጀክቱ አቃፊ ውስጥ ያለውንም ይመልከቱ፤ አቃፊውን ከሌላ ሰው ገልብጠው ከሆነ ቅንብሩም አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ኤልሲ ኦል እዚያ ተጽፎ ካገኙት መስመሩን ይሰርዙ፤ አለቀ።

እዚያ ከሌለ ቫሪያብሉ ቪኤስ ኮድ ራሱ ሲነሳ ከውጭ የያዘው ነው። ያኔ በዚያው ቅንብር ውስጥ ኤልሲ ኦልን ጽፈው ዋጋውን ነል ያድርጉት። ነል ሲባል ኤዲተሩ ተርሚናሉን ሲያስነሳ ቫሪያብሉን ያወጣዋል። ነል ያለ ጥቅስ ምልክት መጻፍ አለበት። በጥቅስ ውስጥ ካስገቡት ነል የሚል ስም ያለው ሎኬል የጠየቁ ይሆናል፤ እንደዚህ ያለ ሎኬል ስለሌለ ባሽ አቤቱታ አሰምቶ ወደ ሲ ይመለሳል፤ ካርዶችዎም እንደገና ይቆረጣሉ።

ከዚያ ያለውን ተርሚናል በቆሻሻ ቅርጫቷ ምልክት ዘግተው አዲስ ይክፈቱ። መስኮቱን እንደገና መጫን ብቻ አይበቃም፤ ቪኤስ ኮድ ያንኑ አሮጌ ሼል መልሶ ያገናኝዎታል፤ አሮጌው ሼል ደግሞ አሮጌውን ቅጂ ይዟል። አዲሱ ተርሚናል ውስጥም ኤልሲ ኦል ተመልሶ ከታየ የሚያስገባው የሼል መነሻ ፋይል ነው። መነሻ ፋይሉ የሚነበበው ኤዲተሩ ቫሪያብሉን ካወጣ በኋላ ስለሆነ የኤዲተሩ ቅንብር አይከለክለውም። መስመሩን ከዚያ ፋይል ያውጡት።

ሲወጣ ቦታውን ላንግ ይረከባል። ሎኬል የሚለውን ትእዛዝ ደግመው ሲሰጡ ላንግ መጨረሻው ዩቲኤፍ-8 የሆነ ሎኬል ካሳየ ይበቃዎታል፤ የአሜሪካ እንግሊዝኛም ይሁን የኢትዮጵያ አማርኛ ለቆጠራው ልዩነት የለውም። ይህ ቅንብር ግን ተርሚናሉን ብቻ የሚገዛ መሆኑን ልብ ይበሉ። ኤክስቴንሽኖች በስተጀርባ የሚያስነሷቸው ፕሮግራሞች አያዩትም።

ከዚህ ጋር አንድ ልመና አለኝ። ስክሪፕቱን ለሌሎች የአማርኛ ክፍሎች ለማካፈል ካሰቡ፣ በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ኤልሲ ኦልን በሲ ዩቲኤፍ-8 ሎኬል ያጽኑት። በዚህኛው ቦታ ከማውጣት ማጽናት ይሻላል፤ የተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳለ አናውቅም፤ ልጆቹም የተቆረጠች «ኢትዮ» በእጃቸው ሊይዙ አይገባም።

ጥያቄ፦ የአንድ ኢንተርኔት አገልግሎት ሚስጥራዊ ቁልፍ በሼል መነሻ ፋይሌ ውስጥ እንደ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል አስቀምጫለሁ። ኤዲተሬ ብዙ ኤክስቴንሽኖች አሉት። ቁልፉን ከእነሱ ብቻ ማውጣት እችላለሁ? ካወጣሁስ በሰላም እተኛለሁ?
ጥንቁቁ፣ ከዱባይ

መልስ፦ ማውጣት ይችላሉ፤ ኤዲተሩን ከኤንቭ ጋር፣ ሰረዝና ዩ ከቁልፉ ስም ጋር አስከትለው ያስነሱት። ከዚያ በኋላ ኤዲተሩም ሆነ ልጆቹ ቁልፉን በውርስ አያገኙትም። አንዳንድ ኤዲተሮች ግን፣ ቪኤስ ኮድን ጨምሮ፣ ከዴስክቶፕ ምልክት ሲነሱ ኢንቫይሮመንት ለማንበብ ብለው የራሳቸውን ሼል ያስነሳሉ፤ መነሻ ፋይልዎ ያኔ ቁልፉን መልሶ ያስገባዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ «በሰላም አይተኙም» ነው። ሊኑክስ ላይ በእርስዎ ስም የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም፣ በእርስዎ ስም የሚሠራውን የሌላውን ፕሮግራም የመነሻ ኢንቫይሮመንት ከፕሮክ አቃፊ ማንበብ ይችላል። ተርሚናልዎ ቁልፉን ይዞ ከተነሳ ኤክስቴንሽኑ እዚያ ሄዶ ሊያየው ይችላል፤ መነሻ ፋይሉንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ቫሪያብል ማውጣት ስሕተትን ይከላከላል፤ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ ኢንቫይሮመንቱን ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ጽፎ ቁልፍዎን እንዳያሰራጭ ያደርጋል። ሆን ብሎ የሚሰርቅን ግን አያግድም።

ቁልፉን ከመነሻ ፋይሉ ያውጡትና በይለፍ ቃል ማኖሪያ ውስጥ ያስቀምጡት። የሚያስፈልገውን አንድ ፕሮግራም ሲያስነሱ ብቻ፣ ለእሱ ብቻ ይስጡት። እስከ ዛሬ በመነሻ ፋይል ውስጥ የቆየውን ቁልፍ ግን ከአገልግሎቱ ገጽ ላይ ይሻሩትና አዲስ ያስወጡ፤ ከነበሩት ኤክስቴንሽኖች የትኛው እንዳነበበው ወደ ኋላ ተመልሶ ማጣራት አይቻልም።